ከሕልም የልብ ወለድ ሐሳብ ስለ ማግኘት

ለድርሰታችሁ የሚሆን ሐሳብ ሲጠፋባችሁ ሌሊት ያያችሁትን ሕልም አስታውሱ። ሕልም ግን ትዕይንት እንጂ ሙሉ ታሪክ አይሰጥም።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1816፣ በ18 ዓመቷ፣ በስዊዘርላንድ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ሳለች ከጓደኞቿ ጋር እያንዳንዳቸው አስፈሪ ታሪክ ሊጽፉ ተስማሙ። እርስዋ ግን ሐሳብ አጣች። በኋላ ራሷ እንደ ጻፈችው፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስዳት ዓይኗን እንደ ጨፈነች፣ ፊቱ የገረጣ ተማሪ ገጣጥሞ በሠራው ፍጡር አጠገብ ተንበርክኮ በሕልም መልክ ታያት። ያየችው ትዕይንት እንጂ ሙሉ ታሪክ አይደለም። ተማሪው ማን ነው? ፍጡሩን ለምን ሠራው? መልሱን ያገኘችው በብዙ ወራት የጽሕፈት ሥራ ነው። በ1818 የታተመው «ፍራንከንስታይን» የሚጀምረውም በዚያ ትዕይንት አይደለም፤ ትዕይንቱ የሚገኘው ከብዙ ገጽ በኋላ ነው።

እናንተም እንደ ነቃችሁ ሕልማችሁን ሳይጠፋባችሁ ጻፉት። ፍቺውን አትፈልጉ፤ እርሱ የሕልም ፈቺ ሥራ ነው። ልባችሁን የነካውን አንዱን ትዕይንት ምረጡና «ከዚህ በፊት ምን ሆኖ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞም በተማሪዎች ደብተር እንደ ተለመደው «ለካስ ሕልም ኖሯል» ብላችሁ ድርሰቱን አትዝጉት፤ አንባቢው ለባለታሪኩ የተጨነቀው በከንቱ ይሆንበታልና።