ንብና ወፍ የሚመገቡበት ጓሮ

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ለሚኖር ቤተሰብ ጓሮ ማለት ቡናው፣ እንሰቱና ሙዙ የሚበቅልበት ጓዳ ነው። ከዚህ ጓዳ ንብና ወፍም ይመገባሉ። እነርሱ ሲራቡ ጉዳቱ ወደ እኛ ይመለሳልና እንዴት እንደምንመግባቸው እንመልከት።

1. ንብና ቡና

የአገራችን ቡና በራሱ የአበባ ዱቄት ማፍራት ይችላል። ሆኖም አበባው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠወልጋል፤ በዚያች አጭር ጊዜ ንብ ስትጎበኘው ፍሬው ይበረክታል። በፓናማ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጽሑፍ፣ ንብ የጎበኘው ቡና ምርቱ ከ50 በመቶ በላይ እንደጨመረ ያስረዳል።

2. የንብ ምግብ

የቡና አበባ ያልፋል፤ የንብ ረሃብ ግን አያልፍም። ስለዚህ በተለያየ ወቅት የሚያብቡ ተክሎች ያስፈልጓታል። በበጋ የሚያብበውን ግራዋ በአጥር ዙሪያ እንትከል። የነጭ ማር ምንጭ የሆነውን ጌተምን፣ እንዲሁም ብሳናንና ዋንዛን ከመቁረጥ እንቆጠብ።

ዝናቡ በርትቶ አበባ ሲጠፋ፣ ለደከመ የንብ መንጋ ቅመም የሌለው ሽሮ ወይም በሶ፣ ከእርሱም ጋር በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ይሰጣል። ሌሎች ንቦች ለዝርፊያ እንዳይመጡ ምግቡ ወደ ማታ፣ በቀፎው ውስጥ ይቀመጥ። ከማናውቀው ቀፎ የወጣ ማር በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል አንመግባቸው። የማር መቁረጫ ጊዜ ሲቃረብ ስኳሩ ይቁም፤ አለበለዚያ ከማሩ ጋር ይቀላቀላል። በበጋም ጠጠር የተደረደረበት ጎድጓዳ ሳህን ላይ ውኃ እናኑር፤ ንቧ በጠጠሩ ላይ ቆማ ሳትሰጥም ትጠጣለች።

3. ወፎች

ቀጭንና ቆልማማ ምንቃር ያላት ትንሿ ወፍ ከሙዝ፣ ከሬትና ከኮርች አበባ ትቀስማለች፤ ነፍሳትንም ትለቅማለች። ፍሬ የሚበሉ ወፎች የዶቅማንና የዋርካን ዘር ርቀው ይዘራሉ። ለእነርሱ የሚሻለው ግብዣ በእጅ የሚበተን እህል ሳይሆን ያልተቆረጠ ዛፍ ነው።

4. የፀረ ተባይ ጥንቃቄ

ባበበ ተክል ላይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው የጎረቤቱንም ቀፎ ባዶ ሊያስቀር ይችላል። ንብ በአጥር አትወሰንምና። መርጨት ግድ ከሆነ አበባው ከረገፈ በኋላ፣ ንቦች ወደ ቀፏቸው ሲገቡ፣ አመሻሽ ላይ ይሁን፤ ባለ ቀፎ ጎረቤትም አስቀድሞ ይነገረው።

ለውይይት

ሀ. በጓሯችን አበባ የማይገኘው በየትኛው ወር ነው? ያን ጊዜ የሚሞላ ምን እንትከል?
ለ. መድኃኒት ከመርጨታችን በፊት ለማን እንናገራለን?