ጠርሙሱን ሸፍነሽ ቅመሺ

ቅዳሜ ጓደኞችሽን ቤት ሰብስበሽ ቢራ በየዓይነቱ እያቀመስሽ ነጥብ ልታሰጪ ነው አሉኝ። ጎሽ የኔ እህት! ሳትጠሪኝ መቅረትሽን በልቤ ይዤዋለሁ፤ ምክሬን ግን አልከለክልሽም። በደንብ ከተደረገ ከካርታ የሚበልጥ ጨዋታ ነው። በደንብ ካልተደረገ ያው መጠጣት ነው፤ ለመጠጣት ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ምን ይሠራል?

መጀመሪያ ግዢው። አምስት ዓይነት ይበቃሻል፣ ግፋ ቢል ስድስት። ከዚያ ካለፈ ምላስ ይደነዝዛል፣ ሰውም ሞቅ ይለዋል፣ መጨረሻ ላይ የሚቀርበው ሁሉ «አሪፍ ነው» ይባላል። አሁን ሱቅ ሄደሽ ጊዮርጊስ፣ ሜታ፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሽንና ሐበሻ ብታነሺ ስድስት ዓይነት የገዛሽ ይመስልሻል። የገዛሽው ስድስት ስም ነው፣ ሆዴ። የሁሉም ዋና ምርት ላገር ነው፤ እርሾው 10 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቅዝቃዜ ቀስ እያለ የሚሠራበት፣ ከዚያም ቀዝቅዞ ለሳምንታት የሚያርፍ፣ ጠርቶ የሚወጣ ቢራ። የወርቃማው ላገር መንገድ የተከፈተው በ1842 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዮሴፍ ግሮል የተባለ ባቫሪያዊ ጠማቂ በቦሂሚያ ፒልዘን ከተማ በጠመቀው ቢራ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ሪዮ ሰው «ቢራ» ሲል በአብዛኛው የሚመጣለት የዚያ ቢራ ዘር ነው።

ስለዚህ ከአገር ውስጥ ሁለት ላገር ያዢ፣ ከዚያ የማይመስሏቸውን ጨምሪ። የጀርመን የስንዴ ቢራ ከተገኘ እንዳያመልጥሽ። ሙዝና ቅርንፉድ ይሸትሻል፤ ሙዝም ቅርንፉድም የለበትም፣ ሞቅ ባለ ቦታ የሚሠራው እርሾ የፈጠረው ነው። አንድ ጥቁር ስታውት ያዢ፤ የተቆላ ገብስ ስላለበት ቡና ቡና ይላል፣ አንቺ ደግሞ ቡና ሲቆላ እያሸተትሽ ያደግሽ ልጅ ነሽና ማንም አያስተምርሽም። የውጭዎቹ ውድ ናቸው፤ አዋጡ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ለአንድ ጊዜ ቸኮሌቱን ተዪውና ቢራ አስመጪ። አምስተኛው ጠላ ነው። አትሳቂ፣ እመለስበታለሁ።

መጠኑ ላይ አትለግሺ። 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለሦስት ሰው በደንብ ይዳረሳል፣ ለእያንዳንዱ መቶ መቶ። ስድስት ዓይነት ብትቀምሺ እንኳ ሁለት ጠርሙስ አልሞላሽም ማለት ነው። ለመቅመስ ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ ለመጠጣት ግን ከቅምሻው በኋላ ጊዜ አለ።

ቤቱን በተመለከተ፣ እባክሽን የኔ ቆንጆ፣ ዕጣን አታጭሺ። አውቅሻለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምትፈልጊው ማጨሻውን ነው። የቢራ ጣዕም የምንለው አብዛኛው በአፍንጫ የሚገባ ነገር ነው፤ ዕጣን በጨሰበት ቤት ሁሉም ቢራ ዕጣን ዕጣን ይላል። ቡናውም ከቅምሻው በኋላ ይቆላ። ሽቶ ተቀብተሽ አትቅረቢ፣ ሊፕስቲክሽንም ጥረጊ፤ ቅባት የነካው ብርጭቆ አረፋውን ወዲያው ይገድለዋል፣ ከዚያ «ይሄ ቢራ አረፋ የለውም» ብለሽ የሰው ስም ታጠፊያለሽ። ብርጭቆዎቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ። አንዱ በዋንጫ፣ አንዱ በኩባያ እየቀመሰ ነጥብ አይወዳደርም። በደንብ አለቅልቂያቸው፣ አየር ያድርቃቸው። ቢራ ቀድተሽ ከቢራው ውስጥ ትንንሽ የጋዝ ፊኛዎች የብርጭቆው ጎን ላይ ተለጥፈው ካየሽ ብርጭቆው አልጸዳም ማለት ነው፣ መልሺና እጠቢ።

ምግቡ? ዳቦና ውሃ፣ በቃ። ጥብሱ፣ ክትፎው፣ አዋዜው ነጥብ ከተሰበሰበ በኋላ ይምጣ። ሚጥሚጣ የነካው ምላስ ስለ ቢራ ምሬት የሚናገረውን አትመኚው።

ቅዝቃዜው ላይ የኛ አገር ሰው የተሻለ ነው፤ አስተናጋጁ ራሱ «ቀዝቃዛ ወይስ ኖርማል?» ብሎ ይጠይቃል። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ጠረኑን ይደብቃል፣ ምላስንም ያደነዝዛል። ላገሩን ከፍሪጅ አውጥተሽ ትንሽ አስቆዪው፣ 6 ወይም 7 ዲግሪ ይድረስ። ስታውቱ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በላይ ቢሆን ነው የሚናገረው፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት አውጪው። ስትቀጂ ብርጭቆውን አጋድመሽ ጀምሪ፣ አጋማሽ ላይ አቅኚው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፣ ጋዙም ቶሎ ይወጣል፤ ዝቅ ባለ አገር ከምትቀጂው ይልቅ እዚህ በትዕግሥት ቅጂ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፣ ስልክሽን አስቀምጪና አድምጪኝ። ማንም ሰው የሚቀምሰውን ማወቅ የለበትም። ሐረር ያደገው ሐረርን ሲያይ ገና ሳይቀምስ ልቡ ይርዳል፤ ጎንደር ያደገችው ለዳሽን ነጥብ የምትሰጠው በአባቷ ቤት ትዝታ ነው፤ የጊዮርጊስ ኳስ ደጋፊውንማ ተዪው። ይህ ፍቅር ነው፣ አልነቅፈውም፤ ግን ቢራውን አልቀመሱትም። ስለዚህ አንድ ሰው ወጥ ቤት ይቀመጥና ይቅዳ። ብርጭቆዎቹ ቁጥር ብቻ ይኑራቸው። ቀጂዋ መጥታ አጠገባችሁ እንዳትቀመጥ፣ ፊቷ ይናገራል። ጠርሙስና ክዳኑም ከዓይን ይጥፉ።

ሁለተኛው ጠላታችን ይሉኝታ ነው። በኛ ገበታ ታላቅ ሰው «ይሄማ ውሃ ነው» ካለ ታናሹ ምን ይላል? «አዎ፣ ትንሽ ቀጠን ይላል» ይላል። በልቡ ወዶታል እኮ! ስለዚህ ሁሉም ሰው ጽፎ እስኪጨርስ ዝም ይባል፤ ማቃሰትም፣ ቅንድብ ማንሳትም የለም። ሲነበብ ደግሞ ከታናሽ ይጀመር፣ ታላቁ መጨረሻ ያንብብ። አጎትሽን ከጠራሻቸው አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ እንደ ክብር ይቆጥሩታል፣ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው።

«እኔ ከኔ ቢራ ሌላ በአፌ አይዞርም፣ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» የሚል አንድ ሰው በእያንዳንዱ ግብዣ አለ። እሱን አትከራከሪው። ሦስት ብርጭቆ አቅርቢለት፤ ሁለቱ አንድ ቢራ፣ አንዱ ሌላ። የተለየውን ያውጣ። በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ሊመታ ይችላል፣ ስለዚህ አንዴ ቢመታ አታጨብጭቢ፤ ቦታቸውን እያለዋወጥሽ ደጋግሚለት። ሳትስቂ አድርጊው፣ እሺ?

ነጥቡን ከራስሽ አትፍጠሪ፣ የተፈተነ መንገድ አለ። በ1985 በአውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው የቢራ ዳኞች ማኅበር፣ ቢጄሲፒ የሚባለው፣ ከ50 ነው የሚያርመው። ለጠረን 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ በአፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላዩ 10። መልክ 3 ብቻ መሆኑን ልብ በይ። በየጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወርቅ ወርቅ የሚል ወረቀት ደግሞ ዜሮ። ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ «28» ብሎ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም፣ «ሲጀምር ጣፋጭ፣ ሲያልቅ መራራ፣ ምሬቱ አይቆይም» ግን ነገ ብታነቢውም ይገባሻል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ነጥብ የሚሰጠው «ወደድኩት ወይ?» በሚል አይደለም፤ «መሆን የሚገባውን ሆኗል ወይ?» በሚል ነው። ሽሮን ቀምሰሽ ዶሮ ወጥ አይደለም ብለሽ ነጥብ አትቀንሺም። ስታውት ከበደኝ ብለሽ አትጣዪው፣ መክበድ ሥራው ነው። የስንዴው ቢራ ደፍረስ ማለቱ ጉድለት አይደለም፤ ላገር ቢደፈርስ ግን ጠይቂ። «ወደድኩት» የሚለውን ከወረቀቱ ግርጌ ለብቻው ጻፊው፤ እሱም መብትሽ ነው።

እና ጠላ። ጠላን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ስለማከብረው ነው፤ ኮምጠጥ ያለውና ጭስ ጭስ የሚለው ጣዕሙ ምላስ ላይ ስለሚቆይም ነው። ከምታምኛት ጠማቂ ቤት በዕለቱ አስመጪ፤ ጉሹንም ፊልተሩንም ብታገኚ ሁለቱን ጎን ለጎን አቅርቢ። ተጠንቀቂ፣ ፊልተሩ ከጉሹ ይከብዳል። ከዚያ ቅድም ያልኩሽን ሕግ አጥብቀሽ ያዢ። ላገር ቢኮመጥጥ ተበላሽቷል፤ የጠላ ኮምጠጥ ማለት ግን ተፈጥሮው ነው። ብራስልስ አካባቢ የሚጠመቀው ላምቢክ የሚባል ጎምዛዛ ቢራ ዓለም የሚያደንቀው ነው፣ ማንም «ኮመጠጠ» ብሎ አይመልሰውም። ጭሱንም እንዲሁ። የኛ ጠማቂ ጋኑን በግራዋ አሽታ አጥባ በወይራ ታጥነዋለች፤ በጀርመኗ ባምበርግ ደግሞ ብቅሉን ራሱን በእንጨት ጭስ አድርቀው ጭስ የሚሸት ቢራ ይጠምቃሉ። ፈረንጁ ሆፕስ የሚያስገባበትን ቦታ የኛ ጌሾ ይዞታል፤ መራራውን ይሰጣል፣ ከመበላሸትም ያግዛል። ስለዚህ ጠላን «በላገር ሚዛን ስንት ያገኛል?» ብለሽ አትጠይቂ። ጌሾው በዝቶ ጉሮሮ ይይዛል ወይ? አሻሮው አሯል ወይስ በልክ ተቆልቷል? ጭሱ ይጎላል ወይስ ከኋላ ይመጣል? እነዚህን ጥያቄዎች እናትሽ ከማንም ዳኛ አስቀድማ ስትጠይቅ ሰምተሻል። ይህን ሙያ ደግሞ በየሰፈሩ ይዘው የኖሩት ሴቶች ናቸውና፣ አንድ ወንድምሽ ስለ ቢራ ሊያስተምርሽ ከተነሳ ጠላ ሲጠመቅ የት እንደነበር በትሕትና ጠይቂው።

ብልሽት እንዳያታልልሽም ጥቂት ልንገርሽ። እርጥብ ካርቶን የሚል ጣዕም ካለው አርጅቷል፣ ቀኑን እዪ። የተቀቀለ በቆሎ ወይም ቅቤ ቅቤ የሚል ላገር አጠማመቁ ላይ ችግር አለ። ክርፍት የሚል ጠረን ያለው ደግሞ ፀሐይ መትቶታል፤ ብርሃን ሆፕሱን ይለውጠዋል። ቡናማ ጠርሙስ ይከላከላል፣ አረንጓዴውና ነጩ ግን እምብዛም። ስለዚህ ከሱቁ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የከረመውን ተዪና ከሳጥን ውስጥ አውጣልኝ በይው።

የመኪና ቁልፍ በር ላይ ተሰብስቦ ይቀመጥ፤ «መቶ ሚሊ ብቻ ነው» የሚለውን ክርክር አልሰማም፣ ስድስት ጊዜ መቶ ነውና። መድኃኒት የጀመረ፣ ያረገዘች፣ 21 ዓመት ያልሞላው፣ ውሃ እየጠጣ ጸሐፊ ይሁን፤ ነጥብ የሚደምር ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ስሞቹን የምትገልጪው ሁሉም ተነቦ ተደምሮ ካለቀ በኋላ ነው። ወረቀቶቹን አትጣዪ፤ ከጥቂት ወር በኋላ ያንኑ ዙር ቅደም ተከተሉን ቀይረሽ ድገሚና አስተያዪ። ጠርሙሶቹን ማታውኑ አለቅልቂያቸው፣ ካደሩ ዝንብ ይወርሳቸዋል። ሰኞ ሳጥኑን ከነጠርሙሱ ለባለሱቁ መልሺና ያስያዝሽውን ገንዘብ ተቀበይ።