መርከብ የጦር መርከቦች ወዳሉበት ወደብ ሲቃረብ

ጥያቄ፦ ልጄ ባሕር ዳር የማሪታይም ትምህርት ተምሮ በንግድ መርከብ ሞተር ክፍል ይሠራል። በቅርቡ ጅቡቲ ይገባሉ። የጦር መርከብ ባለበት አካባቢ እንዴት ይጠነቀቃሉ?
አንድ አባት፣ ከቢስቲማ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር የንግድ መርከቦች ተጠቅተዋል፤ ሩቢማር የተባለችው በ2024 ሰጥማለች። ወደብ አጠገብ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፦ በውጥረት ጊዜ የጦር መርከብ ጠባቂ ማንነቱን ሳያሳውቅ የሚጠጋውን ሁሉ በጥርጣሬ ያያል።

ስለዚህ ካፒቴኑ አስቀድሞ የወደቡን የጥበቃ ደረጃ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ደረጃው ከፍ ሲል የዘብና የፍተሻው ብዛትም ይጨምራል። መርከቡ በሬዲዮ ቻናል 16 ሲጠራ ወዲያው ይመልሳል፣ ከጦር መርከብ ይርቃል፣ ከተፈቀደለት መስመር አይወጣም። ሞተር ክፍሉም ፍጥነት ለመቀነስ ወይም ለማቆም ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል።

ልጅዎ የጦር መርከቦችን በስልክ ፎቶ ባያነሳ ይመረጣል። እርስዎም መርከቡ የት እንደደረሰ በፌስቡክ ባይጽፉ መልካም ነው። እሱ አጠራጣሪ ነገር ካየ ለመርከቡ የጥበቃ መኮንን ያሳውቅ፤ እርስዎ ድምፁ ከጠፋብዎ የቀጠረውን ድርጅት ይጠይቁ። በሰላም ደርሶ ይመለስልዎ።