መልስ የሚሰጥ ስክሪን፦ አሳታፊ ዲጂታል ሚዲያና የቴክኒክ ትምህርቶች

በዩኒቨርሲቲ ውስጥ «በዲጂታል ሚዲያ ማስተማር» ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፕሮጀክተርና ስላይድ ነው። ድሮ በጠመኔ ይጻፍ የነበረው አሁን ግድግዳ ላይ ይበራል፣ ተማሪው ይገለብጣል (አንዳንዱማ በሞባይሉ ፎቶ አንስቶ ውልቅ ነው)። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው አቀራረብ ዲጂታል ቢሆንም አሳታፊ አለመሆኑን፣ እንደ ኤሌክትሪክና ካሜራ ላሉ የቴክኒክ ትምህርቶች ደግሞ ልዩነቱ ቀላል አለመሆኑን ማሳየት ነው።

አሳታፊ ሚዲያ የምንለው ተማሪው አንድ ነገር ሲያደርግ ለዚያው ድርጊት ምላሽ የሚሰጠውን ነው። ሥዕሉ መንቀሳቀሱ ወይም ከበስተጀርባው ሙዚቃ መኖሩ አይደለም ቁም ነገሩ። ተማሪው ቢሳሳት ስክሪኑ ላይ የሚለወጥ ነገር አለ ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን አገራችን በደንብ የምታውቀው «ፕላዝማ» የሚለው ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር የተባሉ መሐንዲስ «ፕላቶ» የተሰኘ በኮምፒውተር የማስተማሪያ ዘዴ ጀመሩ። የዚያን ጊዜ ስክሪን ምስሉን ይዞ ለማቆየት ውድ መሣሪያ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ቢትዘር ከባልደረባቸው ከጂን ስሎቶውና ከተማሪያቸው ከሮበርት ዊልሰን ጋር ሆነው በ1964 ምስሉን በራሱ ይዞ የሚቆይ የፕላዝማ ስክሪን ፈለሰፉ። በ1972 የመጣው ፕላቶ 4 ብርቱካናማ የፕላዝማ ስክሪን ነበረው፣ ተማሪው በጣቱ ሲነካውም ያውቅ ነበር። የባዮሎጂ ተማሪ የፍራፍሬ ዝንቦችን መርጦ በስክሪኑ ላይ ያዳቅላል፣ የሚወለዱትን ያያል፣ ግምቱ ካልሠራ ሌላ ጥንድ ይሞክራል። እንግዲህ ፕላዝማ የተወለደው ከተማሪ ጋር እንዲነጋገር ነበር ማለት ነው።

ወደ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሲገባ ግን ከሳተላይት የሚመጣ ቴሌቪዥን ሆኖ ገባ። ሒሳቡም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይተላለፋል። ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሩታል፤ የስክሪኗ አስተማሪ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ትጠብቃለች፣ ከዚያ ክፍሉ መለሰም አልመለሰ መልሱን ተናግራ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ማቆምም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። መብራት ከጠፋማ በቃ፣ ትምህርቱ አለፈ። እርግጥ ነው ላብራቶሪ ያልነበራቸው ትምህርት ቤቶች ሙከራ ሲሠራ በዓይናቸው አይተዋል፣ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የተማሪን ጣት ይሰማ የነበረው ስክሪን እኛ ዘንድ ሲደርስ ደንቆሮ ሆነ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ካርል ዋይማን በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ «ፌት» የተባለውን ፕሮጀክት መሠረቱ። በነፃ ከሚያቀርባቸው ሲሙሌሽኖች አንዱ የኤሌክትሪክ ሰርኪት መሥሪያ ነው። ተማሪው ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል እየጎተተ ያገናኛል፤ ሲገጥም አምፖሉ ይበራል፣ ኤሌክትሮኖቹም እንደ ትናንሽ ኳሶች በሽቦው ውስጥ ሲሄዱ ይታያሉ። ብዙ ተማሪ «የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን ይጨርሰዋል፣ ለሁለተኛው የሚደርሰው ትራፊ ነው» ብሎ ያስባል። እዚህ ግን ኳሶቹ ከአምፖሉ በፊትም በኋላም በአንድ ፍጥነት ሲሄዱ በዓይኑ ያየዋል። ባትሪውን ያለ አምፖል በሽቦ ብቻ ቢያገናኘው እሳት ይነሳል፤ የሚቃጠል ዕቃ ግን የለም፣ የሚቆጣም የለም።

የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 ባሳተሙት ጥናት የተወሰኑ ተማሪዎች በእውነተኛ ዕቃ፣ ሌሎቹ በሲሙሌሽኑ ስለ ሰርኪት እንዲማሩ አደረጉ። በሲሙሌሽን የተማሩት በፈተና የፅንሰ ሐሳብ ጥያቄዎችን በተሻለ ሁኔታ መለሱ። የሚገርመው ግን ሌላ ነው፤ እውነተኛውን ሽቦና አምፖል ይዛችሁ ሥሩ ሲባሉ በመሥራቱ አላነሱም፣ እንዴት እንደሚሠራ በማስረዳቱም የተሻሉ ሆኑ። በእጅ ያለ ዕቃ ኤሌክትሮን አያሳይማ!

ይህ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። እኛም ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች ቴክኒክ አለብን። የካሜራን ነገር እንውሰድ፦ ሻተሩ በ1/30 ሰከንድ ሲሆን እየሮጠ ያለ ሚኒባስ ፎቶው ላይ ይዘረራል። 1/500 ስናደርገው ቀጥ ይላል፣ ግን የሚገባው ብርሃን ወደ 16 እጥፍ ገደማ ስለሚቀንስ ፎቶው ይጨልማል። ያንን ለማካካስ አፐርቸሩን መክፈት ያስፈልጋል፤ ለመክፈት ደግሞ ቁጥሩን ማሳነስ ነው፣ ይህም ጀማሪውን ሁሉ ግራ ያጋባል። ይህን በስላይድ አሥር ጊዜ ማንበብ ይቻላል። ቁጥሩን አንዴ በራስ ጣት አንቀሳቅሶ ፎቶው ሲጨልም ማየት ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያሉ የካሜራ ሲሙሌሽኖች ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ።

ሲሙሌሽን ሁሉን ይተካል ማለቴ አይደለም። የካሜራን ክብደት አያስለምድም፣ ሰው ፊት ቆሞ ፎቶ የማንሳትን ድፍረትም አይሰጥም። ተማሪውን ያለ ጥያቄ ብቻውን ከተዉትም እንደ ጌም ሲነካካው ይውላል። መምህሩ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው፣ ከስላይዱ ጊዜም ይልቅ።

ኢንተርኔት የለም፣ ኮምፒውተር አይበቃም የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፣ ግን ሙሉ ምክንያት አይሆንም። የፌት ሲሙሌሽኖች አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፣ አብዛኞቹ አሁን በስልክም ይከፈታሉ። ስክሪኑ ላይ ያሉትን ቃላትም በጎ ፈቃደኞች ወደየቋንቋቸው መተርጎም ይችላሉ፣ ይህ ደግሞ ለእኛ ለቋንቋና ለጽሑፍ ሰዎች የሚከብድ ሥራ አይደለም።

ከተግባር ክፍለ ጊዜው አንድ ሳምንት በፊት ለተማሪው እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ቢሰጥስ? በሲሙሌሽኑ ሚኒባሱ ያልተዘረረበት፣ ብርሃኑም ያልጨለመ ፎቶ ያግኝ፤ የትኛውን ቁጥር ለምን እንደቀየረም በግማሽ ገጽ ጽፎ ይምጣ። አንድ ካሜራ ለብዙ ተማሪ በሚዳረስበት ቀን፣ ተራው ሲደርስ ያቺን አምስት ደቂቃ ቁልፍ በመፈለግ አይጨርሳትም።