የሞተር ብስክሌት ማርሚታ አገጣጠም
(የሙያ ትምህርት)

በዛሬው ትምህርታችን አዲስ ማርሚታ ገዝቶ በሞተር ብስክሌት ላይ እንዴት እንደሚገጠም እንመለከታለን። ብዙዎቻችሁ ከጎሮም ሠፈራ እየመጣችሁ በጁባ ከተማ ጋራዦች የምትሠሩ ወይም ሥራ የምትለምዱ ስለሆነ፣ ትምህርቱን እኛ በምንሠራበት በሙኑኪ በየቀኑ በምናያቸው ሞተሮች፣ ማለትም በሕንዱ ቦክሰርና በቻይናው ሰንኬ ዓይነት ላይ ተመሥርተን አዘጋጅተነዋል።

በመጀመሪያ ከራሳችን ስህተት እንጀምር። አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ አንድ ወጣት የቦዳ ቦዳ ነጂ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይህን አዲሱን ማርሚታ ግጠሙልኝ፣ ግን ቶሎ በሉ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለን። እኛም ቸኩለን አሮጌውን ጓርኒሲዮን መልሰን ተጠቀምንበት። በሦስተኛው ቀን ምሽት ይኸው ልጅ በመንደሩ መሐል ሲያልፍ ነዳጁን በለቀቀ ቁጥር ሞተሩ «ጧ! ጧ!» እያለ ተኮሰ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት ገቡ፣ ሻይ ቤቱም ባንድ አፍታ ባዶ ቀረ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2013) እና በሐምሌ 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2016) በጁባ ጦርነት ያየ ሰው እንዲህ ያለውን ድምፅ ሲሰማ ቆሞ አይመረምርም። ነገሩ በእርቅ አለፈ፤ ይሁንና ምክንያቱ የአንዲት ርካሽ ቀለበት ጉዳይ ነበር።

ማርሚታ ምን ይሠራል?

በሲሊንደር ውስጥ ቤንዚንና አየር ተቀጣጥሎ ፒስተኑን ከገፋ በኋላ የተቃጠለው ጋዝ በማስወጫው ቫልቭ በኩል ይወጣል። ቫልቩ ሲከፈት ጋዙ ገና በግፊት ላይ ስለሆነ በድንገት ይፈነዳል፤ የምንሰማው ጩኸትም ይኸው ነው። የጠመንጃ ድምፅም የሚፈጠረው በተመሳሳይ መንገድ፣ የታመቀ ጋዝ በድንገት ሲለቀቅ ነው። እንዲያውም በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የሠራው የማክሲም ልጅ ሂራም ፐርሲ ማክሲም የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1909 አግኝቶ፣ በዚያው ዘዴ የሞተር ማርሚታም ሠርቷል።

ማርሚታ ጋዙን አያግደውም፤ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። አንደኛው ዓይነት በውስጡ በቆርቆሮ የተከፋፈሉ ክፍሎች አሉት። ጋዙ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዞር ግፊቱ ይበርዳል፣ የድምፁም ሞገድ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሁለተኛው ዓይነት ቀዳዳ በበዛበት ቀጥ ያለ ቱቦ ዙሪያ የመስታወት ጭረት የታጨቀበት ነው። ይህኛው ጭረቱ ተቃጥሎ ሲያልቅ ጩኸቱ ይጨምራል። ለዕለት ሥራ ሞተር የመጀመሪያውን እንመክራለን።

«ድምፁ የጎላ ሞተር ጉልበት አለው» የሚለውን ወሬ አትመኑ። ማርሚታው በጣም ክፍት ሲሆንና ካርቡራተሩ ሳይስተካከል ሲቀር፣ ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር በዝቶ ቤንዚኑ ሊያንስ ይችላል። ያን ጊዜ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ሲቆይም ቫልቩ ይጎዳል። ለጆሮም ቢሆን የሥራ ጤና ባለሙያዎች በ85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየትን አይመክሩም፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥርም የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ ለሚውል ነጂ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከመግዛት በፊት

አሮጌውን ማርሚታ ፈትታችሁ ይዛችሁ ገበያ ውጡ፤ ከአዲሱም ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ። የሚከተሉትን ተመልከቱ፦

ሀ) የቱቦው ውፍረትና አጎነባበስ እኩል ነው ወይ?
ለ) ከሻንሲው ጋር የሚታሠርበት ጆሮ በቦታው ነው ወይ? አንድ ጣት እንኳ ቢዛነፍ «እንጎትተዋለን» አትበሉ። ተጎትቶ የታሠረ ማርሚታ በመንገዱ ንዝረት ይሰነጠቃል።
ሐ) ሲነቀነቅ ውስጡ ይንኳኳል ወይ? ከተንኳኳ የውስጡ ቆርቆሮ ለቋል።
መ) የተሳፋሪውን እግር ከሙቀት የሚጠብቅ መከለያ አለው ወይ?

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

10 ቁጥርና 12 ወይም 13 ቁጥር ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ዝገት የሚያላላ ዘይት፣ የሳሙና ውሃ፣ እንዲሁም አዲስ ጓርኒሲዮን። ጓርኒሲዮኑ የሚሠራው አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ ክፍተቱን በመድፈን ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ በኋላ ሁለተኛ በደንብ አይደፍንም። እኛን ያዋረደን ይህን መዘንጋታችን ነው።

አሠራሩ

1ኛ. ሞተሩ ፈጽሞ እስኪበርድ ጠብቁ። ሞተሩን በማዕከላዊው መቆሚያ በደልዳላ ቦታ አቁሙት።

2ኛ. ቱቦውን ከቴስታታው ጋር ያሠሩትን ሁለት ዳዶዎች ዘይት አጠጥታችሁ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ በኋላ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያፈራረቃችሁ አላሉ። እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ መልሳችሁ ጥቂት አጥብቃችሁ እንደገና አላሉት። ቴስታታው ላይ የተተከለው ቡሎን ከተሰበረ የግማሽ ሰዓቱ ሥራ የሁለት ቀን ሥራ ይሆናል።

3ኛ. የኋላውን ቡሎን የምትፈቱት በመጨረሻ ነው፤ ስትፈቱም ማርሚታው እንዳይወድቅ አንድ ሰው ይያዝላችሁ።

4ኛ. አሮጌውን ጓርኒሲዮን በካቻቢቴ ጫፍ በጥንቃቄ አውጡ። አንዳንድ ጊዜ ከአፉ ጋር ተጣብቆ የሌለ ስለሚመስል በባትሪ መብራት እያያችሁ አረጋግጡ። በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ ትልቅ ስህተት ነው። አፉን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ የቡሎኖቹንም ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ። ፍርፋሪ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

5ኛ. አዲሱን ጓርኒሲዮን በቦታው አስገቡ። እንዳይወድቅ ጥቂት ግራሶ ብትቀቡት ይይዝላችኋል።

6ኛ. ማርሚታውን አስገብታችሁ ሁሉንም ዳዶና ቡሎን በመጀመሪያ በእጅ ብቻ አስይዙ። በቁልፍ ማጥበቅ የሚጀመረው ሁሉም ያለ ጭንቅ በቦታው ከገባ በኋላ ነው።

7ኛ. በቅድሚያ የቴስታታውን ሁለት ዳዶዎች እያፈራረቃችሁ እኩል አጥብቁ፤ ከዚያ በመሐል ማሠሪያ ቀለበት ካለው እርሱን፣ በመጨረሻም የኋላውን ቡሎን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አፉ ጠምዞ ይቀመጣል። ባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎን የሚፈልገው 10 ኒውተን ሜትር ያህል ብቻ ነው። መለኪያ ቁልፍ ለሌለው፣ አጭር ቁልፍ ይዞ በእጅ አንጓ ኃይል ማጥበቅ ይበቃል፤ በክንድ ኃይል ከተጫኑት ግን ጥርሱ ይበላል።

8ኛ. የኋላ ጎማውን እያሽከረከራችሁ፣ ኮርቻውንም ወደ ታች እየተጫናችሁ ማርሚታው ጎማውን፣ የፍሬን መርገጫውንና ሽቦዎችን እንደማይነካ ተመልከቱ።

ሙከራ

የመጋጠሚያውን ዙሪያ በሳሙና ውሃ ቀብታችሁ ሞተሩን አስነሡ። አረፋ ከወጣ ጋዝ ያመልጣል ማለት ነው። ይህን ሳይሞቅ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ፈጽሙት። ከዚያ ለአሥር ደቂቃ አሠርታችሁ አጥፉ፤ ሲበርድ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ። ብረት በሙቀት ሰፍቶ በብርድ ስለሚሰበሰብ ዳዶው ይላላል። ባለቤቱም ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ለፍተሻ እንዲመለስ ንገሩት። በመጋጠሚያው ላይ ጥቁር የጥላሸት መስመር ከታየ ፈሷል።

ለመሆኑ ትንሽ ክፍተት እንዴት የተኩስ ድምፅ ያመጣል? ነጂው ነዳጁን ሲለቅ በቱቦው ውስጥ መሳብ ይፈጠርና በክፍተቱ በኩል የውጭ አየር ይገባል። ያልተቃጠለው ቤንዚን በጋለው ቱቦ ውስጥ ከዚህ አየር ጋር ሲገናኝ ይቀጣጠላል። ያ ነው «ጧ» የሚለው። ክፍተት ሳይኖር የሚተኩስ ከሆነ ካርቡራተሩን ተመልከቱ። ካንዴላው የቡና ዓይነት ቀለም ካለው ደህና ነው፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ በዝቶበታል።

ጥንቃቄ

ሞተር በኮንቴይነር ወይም በዝግ ቤት ውስጥ አታስነሡ። ከማርሚታ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ራስ ምታትና ማዞር ሲጀምር ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት ያስፈልጋል።

በማርሚታ የተቃጠለን እግር ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዙ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ዘይት አትቀቡ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ።

አሮጌውን ማርሚታ ሳትደብቁ ለባለቤቱ መልሱ። የተበየደ አሮጌ አንዳንድ ጊዜ ከርካሽ አዲስ ስለሚሻል ብያኔውን ለእርሱ ተዉለት።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እኛ በሰው አገር እንግዶች ነን። የእኛ ሥራ በየሰፈሩ ሲያልፍ የሚሰማው በሞተሩ ድምፅ ነው። ያ ልጅ ተመልሶ መጥቶ በነፃ አዲስ ጓርኒሲዮን ካስገባንለት በኋላ ደንበኛችን ሆኖ ቀርቷል፤ ጎረቤቶቹም ሲያልፍ ቀና ብለው አያዩትም። ለአንድ መካኒክ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. አሮጌ ጓርኒሲዮን ለምን ሁለተኛ አያገለግልም?
2. ከቴስታታው ዳዶና ከኋላው ቡሎን በቅድሚያ የሚጠብቀው የትኛው ነው? ለምን?
3. ካንዴላው ነጭ ሆኖ ቢገኝ ምን ትረዳላችሁ?

መልሱን እርስ በርሳችሁ ተወያዩበት። በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።