በቁም ማውረስ ወይስ መናዘዝ?

በዘመሮም ሆነ በሌላው የመንዝ አገር በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ልጆች ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ አንዱ ከወላጆቹ ጋር ቀርቶ ያርሳል፣ ይጦራል። ይህ ልጅ «ደብተሩ በስሜ ይዙርልኝ» ቢል ድካሙ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ሰግቶ ነው። የወላጅም ሥጋት እውነተኛ ነው፤ ሁሉን ሰጥቶ በገዛ ቤቱ እንግዳ መሆን ያስፈራል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 33 ሰው በሕይወቱ ሳለ ሀብቱን ለሌላ አሳልፎ እንዳይሰጥ የሚመክረው ስለዚህ ነው።

በቅድሚያ የመሬቱን ሕግ እንመልከት። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የርስት ሥርዓትን ካስቀረ ወዲህ ገበሬ ባለይዞታ እንጂ የመሬት ባለቤት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ ይከለክላል። የመጠቀም መብት ግን በውርስና በስጦታ ይተላለፋል፤ ለማንና በምን ሁኔታ የሚለውን የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 252/2009 እና የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ይደነግጋሉ። ስለዚህ ከመወሰን በፊት የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ከሆነ አንዱ ብቻውን የሁለቱን ድርሻ ሊሰጥ አይችልም።

መንገዶቹ ሦስት ናቸው።

1ኛ፤ ስጦታ። ሰጪው በሕይወት ሳለ መብቱ ወደ ተቀባዩ ይዛወራል። ጧሪው ልጅ ዋስትና ያገኛል፤ ሰጪው ግን ሐሳቡን ቢለውጥ በቀላሉ ሊመልሰው አይችልም።

2ኛ፤ ኑዛዜ። ተናዛዡ እስኪሞት ድረስ ሀብቱ በእጁ ይቆያል፣ ኑዛዜውንም በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፣ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ እንዲገለጽ፣ ሁሉም ወዲያው እንዲፈርሙ ያዛል። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ለመቀበል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት በጋራ የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ይናዘዝ። ልጅን ከውርስ የሚነቅልም ምክንያቱን መግለጽ አለበት።

3ኛ፤ አደራ። ይኸው ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ፣ ተለይቶ የተቀመጠ ንብረት በባለአደራ እጅ ሆኖ ለሌላ ሰው ጥቅም እንዲተዳደር ይፈቅዳል፤ የሚቋቋመውም በስጦታ ወይም በኑዛዜ ነው። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ወይም ራሱን ለማስተዳደር ለማይችል ልጅ ገንዘብ ወይም ቤት ለሚተው ሰው ሊጠቅም ይችላል። ለእርሻ መሬት ግን ባለይዞታው ባለቤት ስላልሆነ የሕግ ባለሙያ ሳያማክሩ አይሞከርም።

እንግዲህ ምርጫው በምን ይለይ? የዕለት እንጀራ የሚገኝበትን ማሳ እስከ ዕለተ ሞት በእጅ አቆይቶ መናዘዝ በብዙው ይሻላል። ጧሪው ልጅ ዋስትና የሚሻ ሲሆን ግን የተወሰነ ድርሻ በስጦታ ሰጥቶ ማስመዝገብ፣ የቀረውን መናዘዝ ይቻላል። ይህም በሁሉም ልጆች ፊት ቢነገር መልካም ነው፤ በስውር የተደረገ ቸርነት ከቀብር በኋላ ወንድማማችን ፍርድ ቤት ያቆማልና። ተጠቃሚው ራሱ ምስክር ባይሆን ይመረጣል።

የውይይት ጥያቄዎች

ሀ. የጦረ ልጅና ርቆ የሚኖር ልጅ እኩል ቢካፈሉ ፍትሕ ነውን?
ለ. በቤታችሁ ያለው ኑዛዜ መነበቡን፣ ቀኑንና የምስክሮቹን ፊርማ ይዟልን?
ሐ. ዛሬ ደብተሩን ብትሰጡ ነገ የምትኖሩበት ምን ይቀራችኋል?