የፓይለቱ ክልከላ የትራክተር ኦፕሬተሩን አያግድም

ጥያቄ፦ አብርሃ ጅራ አካባቢ በአንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ የወር ደመወዝተኛ የትራክተር ኦፕሬተር ነኝ። በዘር ወቅት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንነዳለን። ኦቨርታይም ስንጠይቅ «እርሻ ላይ ኦቨርታይም የለም» ተባልን። ማኅበር እናቋቁም ስንል ደግሞ «ፓይለት እንኳ አድማ ተከልክሏል፤ እናንተ ማን ናችሁ?» አሉን። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ስለ ፓይለት የተነገራችሁ እውነት ነው፤ ከእናንተ ጋር ግን አይገናኝም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአየር ትራንስፖርትን ከመብራት፣ ከውኃ፣ ከሆስፒታልና ከቴሌ ጋር እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ብሎ ሠራተኞቹን አድማ ይከለክላል። አዋጁ ከመውጣቱ በፊትም፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙ ዘጠኝ ሰዎች ታስረዋል። እኔ ክልከላው ከሚገባው በላይ ሰፍቷል ባይ ነኝ። ቢሆንም የተከለከለው አድማው ነው፤ መደራጀትና መደራደር አልተከለከለም። የአየር መንገድ ሠራተኞችም ማኅበር አላቸው፣ የኅብረት ስምምነት ይፈራረማሉ። የሰሊጥ እርሻ ደግሞ ከነጭራሹ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ወደ ኦቨርታይሙ ልምጣ። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። የእናንተ 15 ሰዓት የምሳና የእረፍቱ ሁለት ሰዓት ቢቀነስለት እንኳ ከጣሪያው ያልፋል። አሠሪው «ዝናቡ ሳያመልጠን» ብሎ አስቸኳይ ሥራ ነው ሊል ይችላል፤ አስቸኳይነቱ ግን ከክፍያ አያድነውም። የሰዓት ደመወዛችሁ 30 ብር ነው እንበል፦ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት 45 ብር፣ ከዚያ እስከ ንጋት 52 ብር ከ50፣ በሳምንት እረፍት ቀን 60፣ በሕዝብ በዓል 75 ብር ይታሰባል።

ግን ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ አንድ ፓይለት በ28 ቀን ውስጥ ከ100 ሰዓት በላይ አይበርም፤ የቱንም ያህል ቢከፈለው። የደከመ ሰው የሚያደርሰውን አደጋ ገንዘብ ስለማይመልሰው ነው። ምሽት ላይ ዲስክ ማረሻ እየጎተተ፣ ከፊቱ ማን እንደተኛ በቅጡ የማያይ ኦፕሬተርስ? ስለዚህ ስትደራደሩ ከክፍያው በፊት ተለዋጭ ሹፌር ይመደብ ብላችሁ ጠይቁ። ይህን አደራ እላችኋለሁ።

አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካላችሁ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ፤ በማኅበር አባልነት ማንም ከሥራ ሊያሰናብታችሁ አይችልም። ማኅበሩ ድርድር በጽሑፍ ሲጠይቅ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። የኅብረት ስምምነቱ ከሕጉ የተሻለ እንጂ ያነሰ ሊሰጣችሁ አይችልም።

እስከዚያ ድረስ በደብተር ላይ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት፣ የሠራችሁበትን ማሳ፣ ሥራውን ያዘዘውን ሰው ስም በየቀኑ ጻፉ፤ አብሯችሁ የሠራ ሰው ይፈርምበት። ትርፍ ሰዓት የሚቆጠረው አሠሪው ሲያዝ ነውና የአዛዡን ስም አትዝለሉ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ሐምሌ 30 መከፈል የነበረበትን ጥር ከማለቁ በፊት ጠይቁ።